ይበራል፤ ግን ይሠራል?

ስልኬ ሲጮህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። የደወለችው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲስተር ናት። "ነይልኝማ፣ አንድ ነገር እዪልኝ" አለችኝ። ድምጿ የተለመደው ድምጿ አልነበረም። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

ያኔ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያዎች ባለሙያ ነበርኩ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነበር። የኦክስጅን ማሽን ሲቆም፣ ሚዛን ሲዛባ፣ አልትራሳውንዱ አልነሳ ሲል "ባዮሜዲካሏን ጥሯት" ይባላል። ባዮሜዲካሏ እኔ ነኝ።

ክፍሉ ስደርስ ሕፃኑ ሰማያዊው መብራት ሥር ተኝቷል። ዐይኑ በጨርቅ ተሸፍኗል። ከተወለደ አራተኛ ቀኑ ነው። የወፍ በሽታ ይዞት ሰውነቱ ቢጫ ሆኗል። መብራት ሥር ከገባ ሁለት ቀን ሞልቶታል። የደም ምርመራው ግን መቀነስ ሲገባው እየጨመረ ነው። እናቱ ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ከእኔ ዐይን ላይ ዐይኗን አልነቀለችም።

"ይሄ መብራት ይሠራል?" አለችኝ ሲስተር።

ቀና ብዬ አየሁት። አራቱም ዘንጎች ቦግ ብለው በርተዋል። ክፍሉ በሙሉ ሰማያዊ ሆኗል።

"ይሠራል ሲስተር። ይኸው አራቱም በርተዋል።"

"መብራቱንማ እኔም አየዋለሁ። ይሠራል ወይ ነው ያልኩሽ።"

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ጠዋት ሕፃኑ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ። አባቱ አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ አምቡላንሱ ላይ ሲወጣ ከወርክሾፓችን መስኮት አየሁት። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ምን እንደሆነ አልሰማሁም። ጠይቄ ነበር፤ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ማስተርስ ለምን እንደተማርኩ የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። እንደ ጠያቂው መልሴ ይለያያል። ለአንዱ የደረጃ ዕድገት እላለሁ፣ ለሌላው ለትምህርት ያለኝ ፍቅር እላለሁ። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። ከልቤ ስመልስ ግን ያቺን ሌሊት ነው የማወራው።

ነገሩን ላስረዳ። ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። የትልቅ ሰው ጉበት ያስወግደዋል። የአራስ ልጅ ጉበት ግን ገና አልበረታም። ለዚህ ነው ብዙ ሕፃናት በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ቢጫ የሚሆኑት። አብዛኞቹን በራሱ ጊዜ ይለቃቸዋል። መጠኑ በጣም ሲበዛ ግን ወደ አንጎል ይገባል። መስማትን ሊነጥቅ ይችላል። የእጅና የእግርን እንቅስቃሴ ለዕድሜ ልክ ሊያበላሽ ይችላል። ይገድላልም።

ሰማያዊ ብርሃን ቆዳ ውስጥ ያለውን ቢሊሩቢን ቅርጹን ይለውጠዋል። ቅርጹ ሲለወጥ ጉበትን ሳያስቸግር በሐሞትና በሽንት ይወጣል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው 460 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ነው። ጉልበቱም ይለካል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለጠንካራ ሕክምና በስኩዌር ሴንቲሜትር በናኖሜትር ቢያንስ 30 ማይክሮዋት ያስፈልጋል ይላል። ይህን ቁጥር ዐይን አያነበውም። ዘንጉ ሲያረጅ ቀለሙ እንዳለ ሆኖ ጉልበቱ ይደክማል። አቧራ ሲለብስ ይቀንሳል። ከሕፃኑ ሲርቅ ይቀንሳል። የሰው ዐይን ደግሞ ጨለማን ይለምዳል፤ ሌሊት ላይ ትንሹ ብርሃን ሁሉ ብዙ ይመስለዋል።

ያን ሌሊት እኔ በዐይኔ ፈረድኩ። የብርሃን መለኪያ የሚባል መሣሪያ እንዳለ ከትምህርት ቤት አውቅ ነበር። በእጄ ነክቼው ግን አላውቅም። ሆስፒታላችን ውስጥም አልነበረም።

ልማር ነው ስል አባቴ ግራ ገባው። "መሐንዲስ ሆነሽ የለም እንዴ? ምን ቀረሽ ልጄ?" አለኝ። እናቴ ግን ስለ ሕፃኑ ስነግራት ጸጥ ብላ ሰማችኝና "እኛ እኮ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እናሞቃችሁ ነበር" አለች። እውነቷን ነው። ሕፃን ቅባት ቀብቶ፣ እያሹ ጠዋት ፀሐይ ላይ ማዋል በየቤታችን ያለ ነገር ነው። ያኔ ሰምቼ አለፍኩት።

በኋላ ሳነብ ደነገጥኩ። እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ፣ ሮችፎርድ የሚባል ሆስፒታል ነበር። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ክፍል የምትመራው ሲስተር ጂን ዋርድ ትባላለች። ፀሐይ ስትወጣ ሕፃናቱን ወደ ግቢው ታወጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 አንዱን ሕፃን ለሐኪሞቹ ገልጣ አሳየች። የሰውነቱ ቢጫነት ለቆታል። የአንሶላው ጫፍ ሸፍኖት የነበረው ቦታ ብቻ ቢጫ እንደሆነ ቀርቷል። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የቆየ የደም ናሙና ደግሞ ቢሊሩቢኑ ቀንሶ ተገኘ። ሐኪሙ ክሬመርና ባልደረቦቹ ነገሩን አጥንተው በ1958 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። የዛሬው ሰማያዊ መብራት ከዚያ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ያየችው ነርስ ናት። እኔንም ከአልጋዬ ያስነሳችኝ ነርስ ናት። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

እዚህ ላይ ለሚያነቡ እናቶችና አባቶች አንድ ነገር ልናገር። ልጅ ቢጫ ከሆነ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ፀሐይ ላይ አውጥቶ መጠበቅ ሕክምና አይደለም። ምን ያህል ብርሃን እንዳገኘ አይታወቅም፣ ቆዳ ይቃጠላል፣ ጊዜም ያልፋል። ናይጄሪያ ሌጎስ ውስጥ ፀሐይን ለዚህ ሕክምና ያዋሉ ሐኪሞች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናታቸው ከመብራቱ ያልተናነሰ ውጤት አሳይቷል። እነሱ ግን ጎጂውን ጨረር የሚያስቀር ላስቲክ ከላይ ወጥረው፣ የሕፃኑን ሙቀት እየለኩ፣ የብርሃኑንም ጉልበት እየለኩ ነው የሠሩት። እናቴ ይህን ስነግራት "እንግዲህ የቀረን መለኪያው ነዋ" አለች። ይህን ቃሏን ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩት።

ለማስተርሱ አምስት ኪሎ ግቢ የገባሁት በ2014 ዓ.ም. ነው። ክፍላችን ውስጥ ከኤሌክትሪካልና ከሜካኒካል የመጡ ልጆች ነበሩ። ስሌቱን እኔ እርሳስ ሳነሳ እነሱ ይጨርሱታል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ደግሞ ከሆስፒታል የመጣን ነን። እኛ የማሽኑን ጠባይ እናውቃለን፤ ሒሳቡ ግን ከእጃችን ወጥቷል። የመጀመሪያው መንፈቅ ከበደኝ። ማታ ማታ አንድን ምልክት ወደተሠራባቸው ሞገዶች የሚከፋፍለውን የፉሪየርን ትንተና ከመጀመሪያ ዲግሪ ደብተሬ ጀምሬ እንደ አዲስ ተማርኩ። ሁለት ጊዜ ልተወው አስቤያለሁ።

ያቆየኝ አንድ ቀን የተማርነው ነገር ነው። ልብ ወደ ቆዳ የምትሰደው የኤሌክትሪክ ምልክት አንድ ሚሊቮልት ገደማ ነው። በግድግዳው ውስጥ ደግሞ 220 ቮልት ያልፋል፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ትንሿ ምልክት በትልቁ ጩኸት ትዋጣለች። መምህራችን የአንድ ሰው የልብ ምርመራ ምልክት አሳየን። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ነበር። ማትላብ በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ያንን በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ጩኸት የሚያስቀር ማጣሪያ ጻፍን። መጋዙ ጠፋና ንጹሑ የልብ ምት ወጣ።

እኔ ያንን መጋዝ አውቀዋለሁ። ሆስፒታላችን ውስጥ አንዱ የልብ ምርመራ ማሽን ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያትመው። ገመዱን ቀይሬለት፣ ደረት ላይ የሚለጠፈውን ቀይሬለት አልተሻለውም። "አርጅቷል" ብዬ ሪፖርት ጽፌበት ነበር። ያን ቀን ማታ እዚያ ለቀረው የሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ። "እስቲ የዚያን ክፍል ሶኬት የምድር ሽቦ እየው" አልኩት። በማግስቱ ደወለልኝ። ትርፉን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ግድግዳው ውስጥ ተቆርጦ ነበር። ቀጠለው፤ ማሽኑ ዳነ።

ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ደስታም ቁጭትም ነበር። መሣሪያው ያለ ጥፋቱ ሁለት ዓመት ተወቅሷል። የወቀስኩት እኔ ነኝ።

ከኮርሶቹ ሁሉ ልቤን የወሰደው ፊዚዮሎጂ ነው። ባዮሜካኒክስም ደስ ይለኝ ነበር። በነገራችን ላይ ለአምስት ኪሎ ተማሪ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ብሔራዊ ሙዚየም ቅርብ ነው። ስለ ዳሌና ስለ ጭን አጥንት ስንማር አንድ ከሰዓት ወጥቼ ድንቅነሽን አየኋት። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ጋር ስመጣ ያየሁት "የድሮ አጥንት" ነበር። አሁን ክብደቷ ከዳሌዋ ወደ ጉልበቷ እንዴት እንደሚወርድ ቆሜ አሰብኩ። ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር አጥንቷ ይናገራል። ተማሪ መሆን እንዲህ ያለ ደስታም አለው፤ ሁሉም ነገር ለዲግሪ ብቻ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው መንፈቅ ላይ እያንዳንዳችን አንድ መሣሪያ መርጠን ለክፍሉ እንድናቀርብ ተባለ። እኔ የመረጥኩት ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ነው። በኮሮና ጊዜ ያልሰማ ሰው የለም። ሐሳቡ የጃፓናዊው መሐንዲስ የታኩኦ አዮያጊ ነው፤ ለሕዝብ ያቀረበውም በዚያው በ1974 ነው። ሁለት ብርሃን ጣትን ያልፋል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ዐይን የማያየው። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃኖች በተለያየ መጠን ይውጧቸዋል። ከልዩነቱ ቁጥሩ ይሰላል። በጣም የሚያምር ሐሳብ ነው።

ስዘጋጅ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናት አገኘሁ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ የተሠራ ነው። መለኪያው ደህና ናቸው ካላቸው ሕሙማን መካከል በደም ምርመራ ሲታይ በእርግጥ ኦክስጅናቸው የወረደ ተገኝተዋል። ከነጮቹ 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። የቆዳ ቀለም ብርሃኑን ይውጣል። መለኪያው ደግሞ ቁጥሩን የሚሰጠው በፈቃደኞች ላይ ተሞክሮ በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው። በሙከራው ውስጥ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ጥቂት ከሆኑ ሠንጠረዡ ለእኛ የተሠራ አይደለም።

የራሴን ጣት አየሁት። ከዚያ በፊት ስንት በሽተኛ ጣት ላይ ያንን ነገር አድርጌ "ይሠራል" ብያለሁ? ቁጥር ከታየ ለእኔ ይሠራል ነበር። መብራቱ ከበራ እንደሚሠራው ማለት ነው። የሲስተሯ ጥያቄ እንደገና መጣብኝ። ይህ ነገር የእኔ ጥያቄ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የመመረቂያ ርዕስ የመረጥኩት ግን ወዲያው አልነበረም። መጀመሪያ ያሰብኩት አዲስ ኢንኩቤተር፣ ጨቅላ ሕፃናት የሚሞቁበትን ሣጥን፣ ለመሥራት ነው። ርካሽ፣ በአገር ውስጥ ዕቃ የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚቆይ። ሥዕሉን ሳይቀር ስዬ ነበር። አማካሪዬ ዶክተር ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበና ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። "እሺ፣ ሠራሽው እንበል። ትክክል መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? ከተመረቅሽ በኋላስ ማን ይጠግነዋል?" ዝም አልኩ። "የመጣሽበት ሆስፒታል ሄደሽ ስቶሩን እይና ተመለሽ" አለኝ።

ሄድኩ። ስቶሩን ለዓመታት አውቀዋለሁ፤ በዚያ ዐይን ግን አይቼው አላውቅም። አንዱ ጥግ ላይ በዕርዳታ የመጣ መሣሪያ አለ፤ ለ110 ቮልት የተሠራ ነው፤ በእኛ 220 ላይ ተሰክቶ የመጀመሪያው ቀን ተቃጥሏል። ሌላው መመሪያው እኛ በማናነበው ቋንቋ ነው። አንድ መምጠጫ ማሽን አወረድኩና ከፈትኩት። የተበላሸ ነገር አልነበረውም። ቱቦው ተገልብጦ ነው የተገጠመው።

ተመልሼ ስለዚሁ ጉዳይ ማንበብ ጀመርኩ። ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት በ16 አገሮች ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ ተመልክተዋል። 38.3 በመቶው ከአገልግሎት ውጭ ነበር። ይህን ቁጥር በየስብሰባው ሲጠቀስ ሰምቼዋለሁ። ማልኪን ከሌላ ባልደረባው ጋር ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ያወጣውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። እኔ የማምነው ያ ይበልጣል ብዬ ነው። በ11 አገሮች፣ በ60 አቅመ ደካማ ሆስፒታሎች ውስጥ ከአገልግሎት ውጭ የነበሩ 2,529 መሣሪያዎችን አዩ። 1,821ዱ ወደ ሥራ ተመለሱ። አንድም የመለዋወጫ ዕቃ ከውጭ ሳይመጣ! ከጥገናው ሩቡ ደግሞ በትክክል መግጠምና ለሚጠቀመው ሰው ማሳየት ብቻ ነው የፈለገው።

ስለ ዶላር እጥረት፣ ስለ መለዋወጫ እጥረት ስናወራ ዕድሜያችንን ጨረስን። እጥረቱ እውነት ነው። የምድር ሽቦው ግን ከውጭ አይመጣም። ቱቦውን ለማገላበጥ ዶላር አያስፈልግም።

ኢንኩቤተሩን ተውኩት። ርዕሴ የሰማያዊ መብራት መለኪያ ሆነ። አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ "ይህ ለማስተርስ አያንስም?" አሉኝ። እኔም ጥቂት ሌሊት አንሷል ብዬ ፈርቻለሁ።

ሥራው ሲጀመር ቀላል ይመስላል። ብርሃን ሲያርፍበት ትንሽ ጅረት የሚሰጥ ፎቶዳዮድ አለ። ከሰማያዊ በቀር ሌላውን ቀለም የሚያስቀር ማጣሪያ ከላዩ ይደረጋል። ጅረቱን አጉልቶ ወደ ቁጥር የሚለውጥ ሰርኪዩት፣ ከዚያ አርዱዊኖ የምትባል ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ከዚያ ትንሽ ስክሪን። መርካቶ ለመርካቶ ዞሬ፣ የቀረውን ከውጭ በሚመጣ ዘመድ አስልኬ አንድ ወር ውስጥ ገጠምኩት። ስክሪኑ ላይ ቁጥር ሲወጣ ዘለልኩ።

ቁጥሩ ግን ምንድን ነው? የቀረው አንድ ዓመት ሙሉ የሄደው ይህን ለመመለስ ነው። እውነተኛ መለኪያ ለጥቂት ሳምንት በውሰት አግኝቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በኤልኢዲ መብራት ሥር ሁለቱ ተስማሙ። በዘንግ መብራት ሥር ሲሆን የእኔው ከፍ አድርጎ ያነባል። ቀናት ፈጀብኝ። በኋላ እንደገባኝ የሁለቱ መብራቶች ሰማያዊ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ በጠባብ ቦታ ላይ የተከማቸ ነው፤ ሌላው ሰፋ ብሎ የተበተነ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የመብራት ዓይነት የራሱ ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል። ያን ሌሊት የኦክስጅን መለኪያው ትዝ አለኝ። አንድ ሠንጠረዥ ለሁሉም አይሆንም።

ሌላው ችግር ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ አሳንሶ ማንበቡ ነው። መስታወት ሞከርኩ፣ ወረቀት ሞከርኩ። መፍትሔው የተገኘው ከቤታችን ነው። አከራዬ ቧንቧ ሊያሠሩ ሠራተኛ ጠርተው ነበር። ሰውዬው ነጩን የቴፍሎን ጥቅል የቧንቧው ጥርስ ላይ እየጠቀለለ ሲሠራ አየሁት። ቴፍሎን ብርሃንን በእኩል ይበትናል፤ ትልልቅ ቤተ ሙከራዎችም ለዚሁ ሥራ ይጠቀሙበታል። አንድ ጥቅል ለመንኩት። ፎቶዳዮዱ ላይ ደራርቤ ስለጥፍበት ከጎን የሚመጣውን ማንበብ ጀመረ። ሰውዬው ምን እንዳደረገልኝ አያውቅም። በሚቀጥለው ቀን ቡና ጋበዝኩት።

በሆስፒታሎች ለመለካት ፈቃድ ማግኘት ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ጠየቀ። አንዱ ጋ ደብዳቤ ካለዚያኛው ደብዳቤ አይቻልም አሉኝ፤ ያኛው ደግሞ መጀመሪያ ከእነሱ አምጪ አለኝ። ሰባት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በዚህ መሐል ደመወዜ ለቤት ኪራይ አልበቃ እያለ ወንድሜ ነው የደገፈኝ። ከዚህ በላይ አላወራም፤ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

በመጨረሻ ስገባ ያየሁት ግን ድካሙን አስረሳኝ። ቦግ ብለው የሚበሩ፣ ማንም "ይሠራሉ" የሚላቸው መብራቶች ሥር መለኪያዬን ሳስቀምጥ ከሚፈለገው በታች የሚያነብባቸው ነበሩ። መሐል ላይ በቂ ሆኖ ጠርዙ ላይ የማይደርስ ነበር። አንዱ ጋ የላስቲክ መከለያውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነውና ቁጥሩ ዐይናችን እያየ ወጣ። ሌላው ጋ መብራቱ ከፍ ተደርጎ ተሰቅሎ ነበር፤ ዝቅ አደረግነው። ነጭ አንሶላ ዙሪያውን ስንጋርድ ደግሞ ትንሽ ጨመረ። ነርሶቹ በየተራ መለኪያውን ይይዙና "እስቲ እዚህ ጋ፣ እስቲ እዚያ ጋ" ይላሉ። ልዩነቱን በዐይናቸው ሲያዩ ፊታቸው ይለወጥ ነበር።

መመረቂያዬን ሳቀርብ አንዱ ፈታኝ "አዲስ ነገሩ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የብርሃን መለኪያ ዓለም ላይ አለ። እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ለሁለቱ የመብራት ዓይነቶች ያደረግሁትን የልኬት ማስተካከያ አስረዳሁ፣ ዋጋውን አስረዳሁ። ከዚያ ያላዘጋጀሁትን ተናገርኩ። "እኔ በሠራሁበት ሆስፒታል ይህ መሣሪያ አልነበረም። እዚያ አዲስ ነው" አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ፈታኙ ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

አሁን ከእኔ በኋላ የተመረቁ ልጆች ይደውሉልኛል። "ማስተርስ ልማር ወይስ ሥራ ልቀጥል?" ይሉኛል። እኔ መጀመሪያ ሥራ ነው የምላቸው። አንድ ዓመትም ቢሆን። ሆስፒታል ውስጥ እግር እስኪዝል ሳይዞሩ የሚመረጥ ርዕስ ከኢንተርኔት የተቀዳ ይሆናል። ጥያቄ ይዞ የገባ ተማሪ ግን የሰለቸውን ኮርስ እንኳ ይፈልገዋል። ሒሳብ የሚያስፈራቸው አሉ፤ እኔንም አስፈርቶኛል፤ ይቻላል። ውጭ አገር ዕድል ያገኙትንም ሂዱ እላለሁ። እዚያ ጥሩ ቤተ ሙከራ አለ። የምለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ርዕሳቸውን ከዚህ ይዘው እንዲሄዱ። በሁለት ሺሕ ሦስት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ ያለን ሕዝብ ነን። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። የኦክስጅን ማሽኖቻችን፣ መለኪያዎቻችን፣ ሠንጠረዦቻችን ይህን ከፍታና ይህን ቆዳ ያውቁታል ወይ? ይህን ጥያቄ እኛ ካልጠየቅን ማንም በእኛ ፋንታ አይጠይቅልንም።

ውል ስለነበረብኝ ወደ ቀድሞው ሆስፒታሌ ተመለስኩ። ውል ባይኖርም እመለስ ነበር። በሄድኩ በሦስተኛው ቀን መለኪያዬን በጋዋኔ ኪስ ይዤ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወጣሁ። ሲስተር አለች። ትንሽ ሸብታለች። አቀፈችኝና "መጣሽልን?" አለችኝ። ያ መብራት አሁንም እዚያው ነው። በዚያ ሰዓት ሥሩ ሕፃን አልነበረም።

አበራነው። መለኪያውን ፍራሹ ላይ፣ የሕፃን ሆድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። 7 አለ። የሚፈለገው 30 ነው።

ሁለታችንም ዝም አልን። ስለዚያ ሕፃን አላነሳንም፤ እያሰብነው እንደነበር ግን ተያይተን አወቅን።

ግምጃ ቤት ሄጄ ያልተነካ የዘንግ ካርቶን አገኘሁ። አራቱንም ቀየርኩ። መከለያውን አጠብን። መብራቱን መመሪያው እስከፈቀደው ድረስ ዝቅ አደረግነው። እንደገና ለካን። 26 አለ። ሲስተር አንሶላ አምጥታ ከግራና ከቀኝ ጋረደች። 31።

ኪሷ ውስጥ ካለው የቁስል ፕላስተር ቀደደችና መብራቱ ጎን ላይ ለጠፈች። እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። ቀኑን ጻፈች፣ ከሥሩ 31 ብላ ጻፈች። ከዚያ ከ31ዱ በታች ለሚቀጥለው ወር የሚሆን ባዶ መስመር አሰመረች።